ከፊት 15፣ ከኋላ 26

ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ይህ ነው የምለው ምክንያት የለኝም፤ የነሐሴ ዝናብ፣ ሳይመለስ የቀረ ስልክ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ። ከታች የጎሚስታው ኮምፕረሰር ያጓራል፤ ጋብ ሲል የልጁ ድምፅ ይሰማል፦ «ስንት ልሙላ?» የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «ሠላሳ ሠላሳ!» አራቱንም እኩል።

ስለ ድብርቱ ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀሩት ግን ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 15 እና 26።

የኮርቬይር የጎማ አየር ነው። (ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጄኔራል ሞተርስ በ1960 ሞዴል ያወጣት ሼቭሮሌት ናት፤ ሞተሯ ከኋላ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ስድስቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ የተጋደሙ። ፋብሪካው ለባለቤቱ በሰጠው መመሪያ የፊት ጎማ 15 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ የኋላው 26 ይሁን ይላል፤ ጎማው ሳይሞቅ ተለክቶ። 15 ማለት ለእኛ ዓይን የተነፈሰ ጎማ ነው። ደግ ጎሚስታ ካየው ሳይጠየቅ ይሞላዋል። ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኮርቬይሮች የኋላ አክስል ክሮቼራ (እንደ ጉልበት የሚታጠፍ መገጣጠሚያ) ያለው የሞተሩን ኃይል ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻሉ ጋ ብቻ ነበር፤ ጎማው ጋ የለም። ጎማው ከአክስሉ ጋር አንድ አካል ሆኖ፣ በማጠፊያ እንደተያዘ በር ከዲፈረንሻሉ በኩል ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። ቀጥ ባለ መንገድ ምንም አይደል። በፍጥነት ስትታጠፍ ግን ክብደቱ በውጭ በኩል ባለው ጎማ ላይ ይወድቃል፤ አስፋልቱ ጎማውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ግፊቱ በአክስሉ በኩል ተሻግሮ እንደ ምርኩዝ ጭራዋን ወደ ላይ ያነሳታል። ጭራዋ በተነሳች መጠን ጎማው ወደ ሆዷ ይታጠፍና መሬት የሚነካው በጠርዙ ብቻ ይሆናል። ያኔ ኋላዋ ይከዳል። ሾፌሩ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ካነሳ ደግሞ ባሰ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ለመክዳት ጫፍ ላይ የነበረው ጭራ ይበልጥ ይቀላል። እንግዲህ የደነገጠ ሰው ምን ያደርጋል? እግሩን ያነሳል።

15 የገባችው ለዚህ ነው። የፊቱ ጎማ ሲላላ መታጠፊያ ላይ ቀድሞ የሚሰንፈው ፊቱ ይሆናል፤ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናዋ እንደ ልብ አትዞርም። ሾፌሩ ይህን ይሰማዋል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጭራው እስኪከዳ አይደርስም። በ11 ፒ.ኤስ.አይ ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ደኅንነት! «ሠላሳ ሠላሳ» ያለ ዕለት ያ ሁሉ ስሌት ጠፋ። መድኃኒቱ ግን ከአየር ሌላም ነበረ፤ ከፊት አንድ ማረጋጊያ ዘንግ፣ ከኋላ ሁለቱን አክስሎች ከሥር ደግፎ እንዳይታጠፉ የሚይዝ አግድም ባሌስትራ። ሁለቱም በ1964 ሞዴል መደበኛ ሆነው ገቡ። በ1965 ሞዴል አክስሎቹ በሁለቱም ጫፍ ክሮቼራ አገኙና ነገሩ አበቃ።

አሜሪካዊው ጠበቃ ራልፍ ናደር «በማንኛውም ፍጥነት አደገኛ» የሚለውን መጽሐፉን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኖቬምበር 1965። በሽተኛዋ ከዳነች በኋላ የመጣ የሕክምና ወረቀት በሉት። (የድሮዎቹ ግን ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ ይህም አይረሳ።)

ጄኔራል ሞተርስ ዝም ቢል ኖሮ መጽሐፉ ያን ያህል ባልጮኸ። ዝም አላለም። መርማሪ ቀጥሮ የሰውየውን ጓዳ ሲያስበረብር ተያዘ፤ በማርች 1966 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሴኔት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 9 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕጉን ፈረሙ። ናደርም ከስሶ በ1970 በ425,000 ዶላር ታረቀ፤ ገንዘቡን ደግሞ ኩባንያዎችን ለሚከታተል ሥራው አዋለው። ራሳቸው ባቀበሉት ዱላ።

ከዚያ 1972 መጣ። ከዚያ ሕግ የተወለደው የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የ1963 ኮርቬይርን ከእኩዮቿ ጋር አስፈተነና የ1960–63 ሞዴሎች ከዘመናቸው መኪኖች የተለየ የመገልበጥም ሆነ ከእጅ የመውጣት ጠባይ የላቸውም አለ። የናደር ነቃፊዎች እስከ ዛሬ የሚያውለበልቡት ይህንን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከማን ጋር ተወዳደረች? ፎርድ ፋልከን፣ ፕሊመዝ ቫሊያንት፣ ቮልስ፣ ሬኖ ዶፊን። ቮልስና ዶፊን ሞተራቸው ከኋላ፣ አክስላቸውም ያው የሚወዛወዘው ነው። ከዶፊን አትብስም ማለት ምስጋና ነው እንዴ? ናደር የጠየቀው «አደገኛ ናት ወይ?» ብሎ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የመለሰው «ከሌሎቹ ትብሳለች ወይ?» ለሚል ጥያቄ ነው። ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ ብሎ ቤቱ ገባ።

ቮልስን ካነሳሁ አይቀር፦ የድሮ ቮልስ የነዳ ሰው ከፊት አነስ፣ ከኋላ ከፍ ተደርጎ እንደሚሞላ ያውቃል፤ ምክንያቱም ያው ነው። የናደር ሰዎች በ1972 በእሷም ላይ መጽሐፍ አውጥተውባታል። እኛ አገር ግን ቮልስ የምትታወሰው በመታጠፊያ ጠባይዋ አይደለም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣች መኪና ሆና ነው። ከኋላ ወንበር፣ ሞተሩ ከጀርባቸው። ይህን ለምን ጻፍኩት? እንጃ።

«ኮርቬይርን ናደር ገደላት» የሚለውንም አልቀበልም። በ1964 ጸደይ የመጣችው ፎርድ ማስታንግ ናት ገበያዋን የበላችው፤ ማስታንግ ስምንት ሲሊንደር ትሸከማለች፣ የኮርቬይር ጭራ ይህን አይችልም። እንዲያውም እስከ 1969 ተሠርታለች።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ ስምንት ምዕራፍ አለው፤ ኮርቬይር የመጀመሪያው ብቻ ናት። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሰው የሚጣላው በዚያ በአንዱ ነው፣ በሚያከራክረው። የማያከራክረው እንደ አየር ስለሆነ ማንም አያየውም። ለምሳሌ የመሪው ምሰሶ፦ ድሮ ከመሪ ሳጥኑ እስከ ሾፌሩ ደረት አንድ ወጥ ብረት ነበር፤ ፊት ለፊት ስትጋጭ ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደ ጦር ይገባል። ዛሬ ሲገፋ እየተጨማደደ ያጥራል። ወይ ደግሞ የአውቶማቲክ ማርሽ ቅደም ተከተል፦ በአንዳንዶቹ ወደ ኋላ የሚያስኬደው ከዝቅተኛው የፊት ማርሽ ጎን ነበር፤ አንዷን ጥርስ የሳተ ሰው ከኋላው የቆመውን ይጨፈልቃል። አሁን በመሃላቸው ገለልተኛው አለ፤ በሕግ። ብልጭልጩ ዳሽቦርድ ለስላሳ ሆነ፤ የፍሬን ዘይቱ መስመር ለሁለት ተከፈለና አንዱ ቢፈስ ሌላው ይይዛል።

የምሰሶውና የዳሽቦርዱ ነገር የተነሳው «ሁለተኛው ግጭት» ከሚሉት ሐሳብ ነው። አንደኛው መኪናው ከግንቡ ጋር፤ ሁለተኛው ሰውየው ከመኪናው ጋር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር መጋጨት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ የሦስት ፎቅ ያህል። የናደር ክርክር ይህን ያህል ነው፦ ሰው ይሳሳታል፣ ይደነግጣል፣ መመሪያ አያነብም፤ ስለዚህ መኪናውን ለዚህ ሰው ሥራው። ለጨዋ ሾፌር ሳይሆን ላለው ሾፌር። ኩባንያዎቹ ደግሞ «ጥፋቱ ከመሪው ጀርባ ካለው ብሎን ነው» ይሉ ነበር፤ ብሎን የሚሉት ሾፌሩን ነው።

በዚህ እስማማለሁ ልል ስል ኤርባግ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ ትዝ ይለኛል።

እዚያም ያው መርህ ነው የሠራው። ሰው ቀበቶ አያስርም፤ ስለዚህ ቀበቶ ያላሰረውን የሚያድን ነገር ይሠራ። ፈተናውም በዚያው ተወሰነ፦ መካከለኛ ቁመት ያለው ወንድ አሻንጉሊት፣ ያለ ቀበቶ፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር። ይህን ሰው ለማቆም ከረጢቱ በዓይን ጥቅሻ፣ በኃይል መፈንዳት ነበረበት። በ1990ዎቹ ከመሪው ተጠግተው የሚነዱ አጫጭር ሴቶችንና ፊት የተቀመጡ ሕፃናትን በቀላል ግጭት ገደለ፤ ከ1990 እስከ 2008 ከ290 በላይ ሰው። በ1997 ኃይሉ እንዲቀነስ ተፈቀደ። በሌላው ሚዛን ደግሞ እስከ 2017 ከ50,000 በላይ ሰው አድኗል ተብሎ ይገመታል። «ላለው ሰው ሥራ» ሲባል የትኛው ያለ ሰው? ቀበቶ የጠላው ጎረምሳ ወይስ ቀበቶዋን አስራ ወንበሯን ያስጠጋችው እናት? ቁጥሩ ለናደር ወገን ያደላል፤ ለእናትየዋ ግን ይህ ምን ይነግራታል።

(እግረ መንገድ፦ ከደረት እስከ መሪው መሃል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ የሕፃን ወንበር ኤርባግ ፊት ፈጽሞ አይደረግም። ቁልፍ ሲዞር የኤርባግ መብራቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ «ደህና ነው» ማለት አይደለም፤ አንዱ ብልጥ አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላል።)

ኢኮኖሚስቱ ፔልዝማን በ1975 ሌላ ጣጣ አመጣ፦ ሰው ደኅንነት ሲሰጠው ይዳፈራል፣ የተረፈው የሾፌር ነፍስ በእግረኛ ይካካሳል። ኋላ የመጡ ጥናቶች ማካካሻው እሱ እንዳለው አይደለም ብለዋል። እኔ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላው ቁጥር ነው። በ1966 አሜሪካ ውስጥ በየ100 ሚሊዮን ማይሉ 5.5 ሰው ይሞት ነበር፤ በ2014 1.1 ገደማ ደርሷል። ደስ ይላል። ግን በ1921 24 ነበር። ማለት ናደር ከመምጣቱ በፊትም እየወረደ ነበር። ቁልቁለት ላይ የደረሰ ሰው «እኔ ነኝ የገፋሁት» ሲል ስንቱን እንመንለት?

ከዚያ 2000 አለ፤ ናደር ራሱ የተወዳደረበት የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ። ፍሎሪዳ ላይ ናደር 97,488 ድምፅ አገኘ፤ ቡሽ ጎርን የበለጠው በ537 ነው። የቀድሞ ወዳጆቹ የጎርን ድምፅ ወሰደ ብለው ይህን ይቅር አላሉትም። እኔን የሚከነክነኝ ፖለቲካው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ «ሰውን እንደሚገባው ሳይሆን እንዳለ ውሰዱት» ሲል የኖረ ሰው፣ ምርጫ ላይ ግን መራጩን እንዳለ ሳይሆን እንደሚገባው ወሰደው። ወይስ እዚያም ጥፋቱ የሥሪቱ ነው፣ ሦስተኛ ሰው ሲገባበት ጭራው የሚከዳ የምርጫ ሥርዓት? እሱ እንዲያ ነው የሚለው። እግሩን ግን አላነሳም።

መሽቷል። ኮምፕረሰሩ ዝም ብሏል። ስጀምር ስለ ድብርት ነበር መሰለኝ።

የኔዋ መኪና የአየር ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፣ በጃፓንኛና በኪሎ ፓስካል፤ ለ6.9 ሲካፈል ፒ.ኤስ.አይ ይሆናል፤ 220 ከሆነ 32፣ 230 ከሆነ 33። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስንት እንደሚል ግን አይቼው አላውቅም። «ስንት ልሙላ?» ሲለኝ እኔም ሠላሳ ሠላሳ ነው የምለው።