የኖሞች አንደበት፦ ከእንጦጦ ሥር የሚነገር ቋንቋ አሠራር

ፋንታሲ የሚጽፉ ሰዎች ለፍጡራኖቻቸው ቋንቋ ሲያበጁ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቃላት ዝርዝር ነው። ደብተር ይገለጣል፣ በግራ በኩል «ውሃ፣ እሳት፣ ድንጋይ፣ እናት» ይጻፋል፣ በቀኝ በኩል ለጆሮ ደስ ያለ ነገር ይደረደራል። ሁለት መቶ ቃል ሲሞላ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመሥራት ሲሞከር ግን ጉዱ ይወጣል፦ ቃሉ ባዕድ፣ አጥንቱ አማርኛ። «በልቻለሁ» ከነቅጥያዋ ቁርጥ ቁርጥ ትደረግና እያንዳንዱ ቁራጭ ልብስ ለውጦ እዚያው ቦታው ላይ ቁጭ ይላል።

ይህ በራሱ ነውር የለበትም። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የምስጢር ንግግር የተሠራው እንደዚሁ ነው፤ ሰዋስው የአማርኛ፣ ቃሉ የራሳቸው። የወፍ ቋንቋ የሚያወሩ ልጆች ደግሞ ቃሉንም አይቀይሩም፣ በየመካከሉ ድምፅ ይሰነቅራሉ እንጂ። ፍጡራኑ ሰው መሐል ተደብቀው የሚኖሩ ከሆነ ያ ይበቃቸዋል። ከምድር በታች የራሳቸውን ዘመን ለኖሩ ኖሞች፣ ለእነዚያ ትናንሽ የተረት ፍጡራን፣ ግን አይሆንም።

ኖም የሚለው ስም የመጣው ከአውሮፓ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ፓራሴልሰስ የምድር ውስጥ ነዋሪዎችን በዚህ ስም ጠርቶ፣ እኛ በአየር ውስጥ እንደምንንቀሳቀሰው እነሱ በአፈር ውስጥ ያልፋሉ ብሎ ጽፏል። በአማርኛ «ድንክ» ብሎ መተርጎም የሚቀናቸው አሉ፤ አይመከርም። ያ ቃል በመንገድ ላይ ሰው የሚሰደብበት ነው፣ ልብ ወለዱ ውስጥም ስድቡን ይዞ ይገባል። «ኖም» ብሎ መተው ይሻላል። እነሱ ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ ደግሞ ቋንቋቸው ሲያልቅ ይታወቃል።

ቦታው የእንጦጦ ሸንተረር ይሁን፤ ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከሥር አለት፣ በስተግርጌ ደግሞ በበጋ የሚሰነጣጠቀው፣ በክረምት የሚያብጠው የኮተቤና የአቃቂ መረሬ። መጀመሪያ የሚወሰነው አካላቸው ነው። ፍልፈልን በቅርብ ያየ ሰው የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ እንደሚቀሩ ያውቃል፤ ሲቆፍር አፈር እንዳይገባበት አፉን የሚዘጋው ከጥርሱ በስተኋላ ነው። ለኖሞቹ ይህን ጥርስ ብንሰጣቸው የድምፁ ዝርዝር ግማሽ በግማሽ ራሱን ይሠራል። ሁለቱ ከንፈሮች ፊት ለፊት ስለማይገጥሙ ብ፣ ም፣ ፕ እና ጵ የሉም። ፍ እና ቭ የሚወጡት የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ስለሆነ እነሱ እንዲያውም ይቀሏቸዋል። ውንም ለማቅለል ትተነዋል።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ አለ። የውጭ አገር መመሪያዎች ቋንቋው እንግዳ እንዲመስል እንደ ጠ፣ ጨ፣ ቀ ያሉ ድምፆችን ጨምሩበት ይላሉ። ለአማርኛ አንባቢ ጠ ምኑ ነው እንግዳ? ገበያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ነው። ለኛ ጆሮ ባዕድነት የሚመጣው በመቀነስ ነው፤ እነ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸን አውጡ፣ ሽ፣ ች፣ ኝ፣ ዝ፣ ዥ እና ጅንም አውጡ። የቀሩትን ስንቆጥር 12 ተነባቢ እንይዛለን፦ ት፣ ድ፣ ክ፣ ግ፣ ን፣ ል፣ ር፣ ስ፣ ፍ፣ ቭ፣ ህ፣ ይ።

ከአናባቢ ደግሞ አምስት ብቻ፦ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ ኦ። ግዕዙና ሳድሱ እንደ አናባቢ አይቆጠሩም፣ ምክንያቱም ሳድስ በአማርኛ ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ነው፤ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ ባዶ ተነባቢ ነው፣ አንባቢው በልምድ ይለየዋል። በማያውቀው ቋንቋ ልምድ ስለሌለው ይደነጋገራል። ሳድስን ለባዶ ተነባቢ ብቻ ካዋልነው ግን ፊደላችን ለኖሞቹ ልክ ይሆንላቸዋል። የቀረው ችግር ማጥበቅ ነው። ገና ብለን ጽፈን በዓሉን ይሁን «ገና ነው»ን ከጽሑፉ መለየት እንደማንችለው ሁሉ፣ የኖሞቹም ቃል ሳይታወቅ ይጠብቃል፣ ሳይታወቅ ይላላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ መጻፍ፣ ወይም ጭራሽ ማጥበቅ የሌለው ቋንቋ ማድረግ።

እያንዳንዱ ቀለም (እንደ ታ ወይም ታን በአንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ቁራጭ) በተነባቢ ይጀምር፤ በባዶ ተነባቢ መጨረስም ይችል፣ ለዚያም የሚፈቀዱት ን፣ ል፣ ር፣ ስ፣ ክ ብቻ ይሁኑ። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ 12 በ5 ሲባዛ 60 ክፍት ቀለም፣ 60 በ5 ሲባዛ 300 ዝግ ቀለም፣ በድምሩ 360። ሁሉንም በአንድ ቀለም ቃል ለመሙላት አትቸኩሉ። ቲል፣ ቲር፣ ዲል፣ ዲር ሁሉም ትርጉም ካላቸው ዋሻ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። መቶ ያህሉ ይበቃል።

ዋሻን ካነሳን ሰዋስዉም ከዚያው ይወጣል። በዋሻ ውስጥ ቀድሞ የተነገረው ድምፅ እያስተጋባ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ይደረባል፤ እንደ አማርኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ግሱ ይቅደም። ዶክ ቆፈረ፣ ታን ልጅ፣ ቲል አለት ከሆኑ «ልጅ አለት ቆፈረ» ዶክ ታን ቲል ይሆናል። ችግሩ፣ ግዕዝም ግሱን ያስቀድማልና አንባቢ ውይይቱን ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ሲያነበው ቅዳሴ ቅዳሴ ሊለው ይችላል። ሲተረጎም በተራ አማርኛ ቅደም ተከተል መጻፍ፣ ግስ የሚቀድምበትን ለራሳቸው ንግግር ብቻ መተው ይሻላል።

ጨለማ ውስጥ የሚኖር ሰው «አየሁ» አይልም። ስለዚህ ግሱ ላይ ወሬው ከየት እንደመጣ የሚናገር ቅጥያ ይግባ፤ እንዲህ ያለ ነገር በደቡብ አሜሪካው የኬችዋ ቋንቋና በቱርክኛም አለ። ሂ በእጄ ዳስሼ፣ ኑ በአለት ውስጥ ሰምቼ፣ ሌ ሰው ነግሮኝ። ዶክሂ ታን ቲል ያለ ኖም ጉድጓዱን ነክቶታል፤ ዶክኑ ያለው ማንኳኳቱን ሰምቷል፤ ዶክሌ ያለው አሉ ብሎ ነው። አንድ ምስክር ሂ ማለት ሲገባው ሌ ካለ ታሪኩ ውስጥ ውሸታም ተያዘ ማለት ነው፣ ደራሲው ሌላ ነገር ማስረዳት አይጠበቅበትም።

አንተና አንቺ የሚባል ልዩነት አያስፈልጋቸውም፤ እኛ ካልተጠነቀቅን ግን ሳናስበው እናስገባዋለን። እርስዎም እንዲሁ። አክብሮት መኖሩ ካልቀረ፣ በጠባብ መተላለፊያ ከፊት ለሚሄደው ይሁን፤ ሕፃን ቢሆንም ጣሪያው የሚወርደው መጀመሪያ በእሱ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የአቅጣጫ ቃል ነው። ቀኝና ግራ የማይሉ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ወይም በዳገትና በቁልቁለት ብቻ የሚናገሩ ሕዝቦች አሉ። በሜክሲኮ የፄልታል ተናጋሪዎች ዳገትና ቁልቁለትን ይጠቀማሉ። ለኖም ፀሐይ ስለሌለው የሚቀረው ውሃ ነው። ሱን ውሃ ከሆነ፣ ሱንታ ውሃው የሚሄድበት፣ ሱንኪ ውሃው የሚመጣበት ይሁን። አሁን ካርታውን ተመልከቱ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚሆነው የእንጦጦ ሸንተረር የውሃ መለያ ነው፤ ወደ ከተማዋ በኩል የሚወርደው ወደ ደቡብ ሄዶ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፣ ወደ ሱሉልታ በኩል የሚወርደው ደግሞ ሙገርን ይዞ አባይ። ስለዚህ ለሽሮ ሜዳ ኖም ሱንታ ደቡብ ነው፣ ለሱሉልታ ኖም ያው ቃል ሰሜን ነው። ሁለቱ ከሸንተረሩ ሥር ተገናኝተው «ሱንታ እንቆፍር» ተባብለው ቢስማሙ ጀርባ ለጀርባ ሰጥተው ይቆፍራሉ። ቋንቋው አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ ስምምነቱም ከልብ፤ ጠቡ ግን የማይቀር። እንዲህ ያለ ነገር ከቃላት ዝርዝር አይገኝም።

የሁለቱ ወገን አነጋገር በድምፅም ቢለያይ ያምራል። ይህን በግምት አታድርጉት፤ ሁለት ደንብ አውጡና ቅደም ተከተላቸውን ለዋውጡ። አንደኛው ደንብ፦ በሁለት አናባቢ መካከል ያለ ክ ህ ይሆናል። ሁለተኛው፦ የቃል መጨረሻ አናባቢ ይወድቃል። ካራኪ የሚለውን ጥንታዊ ቃል በዚህ ቅደም ተከተል ብናሳልፈው መጀመሪያ ካራሂ፣ ከዚያ ካራህ ይሆናል (ቀድሞ ቀለም የማይዘጋው ህ መጨረሻ ላይ የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው)። ደንቦቹን ብንገለብጣቸው መጀመሪያ ካራክ ይሆናል፤ ክ አሁን በአናባቢ መካከል ስላልሆነ አይነካም፣ ካራክ እንዳለ ይቀራል። የመጀመሪያው ለእንጦጦ ደቡብ፣ ሌላው ለሱሉልታ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚስተው ደንቡን ለሚያምሩት ቃላት ብቻ መሥራቱ ነው፤ ደንብ ከሆነ ሁሉንም ይመታል፣ የሚያስጠላ ቃል ቢወጣም።

የውሰት ቃላት ጨዋታው ከሁሉ ይጣፍጣል። የላዩ ዓለም አማርኛና ኦሮምኛ ይናገራል፣ ቃሉ በጉድጓድ ይወርዳል። ብ ቭ ይሆናል፣ ም ን፣ ጠ ት፣ ቀ ክ፣ ዝ ስ፤ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ህ ይደረብለታል። ቡና ቩና፣ ማር ናር፣ እንጦጦ ሂንቶቶ፣ ለገጣፎ ላጋታፎ። ሱሉልታ ምንም ሳይነካ ያልፋል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ፍ መጨረሻ ላይ ስለማይፈቀድ አናባቢ ተቀጥሎለት ቫርሳፉ ይባላል። የዛፉ ስም የግድ ውሰት መሆን አለበት፤ ባሕር ዛፍ ወደ አካባቢው የመጣው በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ለጽድና ለወይራ ግን ኖሞቹ የራሳቸው ጥንታዊ ቃል ይኑራቸው። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረች ስለሆነች ሃዲሳቫቫ አዲስ ቃል ነው። አቃቂ ከደንቦቹ በፊት ገብቶ ቢሆን ኖሮ በደቡቦቹ አፍ ሃሃህ በሆነ ነበር፣ ያ ደግሞ ሳቅ ይመስላል። ዘግይቶ የገባ አድርጉትና ሃካኪ ይሁን።

ቁጥር በአጭሩ፦ በእያንዳንዱ እጅ አራት ጣት ካላቸው በስምንት ይቆጥራሉ። ቪን 8፣ ሶር 64። የኛ 100 ለእነሱ አንድ ሶር፣ አራት ቪን እና አራት ነው፤ ስለዚህ «መቶ ዓመት ጠበቅን» የሚል ኖም አይኖርም፣ 64 ወይም 128 ይላል። በግዕዝ አኃዝ ለመጻፍ አትሞክሩ፤ ፲ን ስምንት ብሎ የሚያነብ አንባቢ የለም።

ስም ከማጽደቃችሁ በፊት ዝርዝሩን ለማያውቀው ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ኦሮምኛ ለሚችልም ጭምር። ንጉሡን ፋራ ብላችሁ ከሰየማችሁ በመጀመሪያው ገጽ ዘውዱ ወደቀ። ኖር የሚለው ቃል «ሌባ» ከተባለም እንግዳ በገባ ቁጥር አንባቢ ይስቃል።

የመጨረሻው ፈተና ተረትና ምሳሌ መተርጎም ነው፤ የጎደለው ቃልና ቅጥያ ወዲያው ይታያል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»ን እንውሰድ። ከምድር በታች ዶሮ ስለሌለ እንቁላል ውሰት ነው፣ ሂንኩላል። ኪን ሄደ ከሆነ «ቀስ በቀስ» የሚለውን ግሱን በመድገም ማምጣት ይቻላል፣ ኪንኪን። አሁን ቅጥያው ይቀራል። እንቁላል ሲሄድ በእጁ የዳሰሰ ኖም የለም፣ ኮቴውን በአለት ውስጥ የሰማም የለም። የሚቀረው ሌ ብቻ ነው፦ ኪንኪንሌ ሂንኩላል። እንቁላል ቀስ በቀስ ሄደ፣ አሉ።