ለጀልባዬ ተሳቢ ደረጃ ስገጥምለት

ጀልባ ውሃ ላይ ሆና መሳፈር ቀላል ነው። ጣጣው ተሳቢ ላይ ስትሆን ነው። ጠርዟ ከመሬት ከፍ ይላል፣ ጎኗ ልሙጥ ነው፣ ከታች ሆኖ የሚጨበጥ ነገር የለም። ብዙ ሰው ታዲያ ጎማውን ይረግጣል፣ ቀጥሎ ፓራፋንጎው ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በሆዱ ተኝቶ እንደ ምንም ወደ ውስጥ ይገለበጣል። በወጣትነት ያስቃል። ዕድሜ ሲጨመር ግን ጉልበት መናገር ይጀምራል።

ደግሞ ፓራፋንጎ ለመርገጫ አልተሠራም። ጭቃና ውሃ እንዳይረጭ የታጠፈ ስስ ላሜራ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ፕላስቲክ ነው። ሰው ሲቆምበት ማሰሪያው ጋ ይሰነጠቃል፣ ወይ ጎብጦ ጎማውን መፋቅ ይጀምራል። እሱን የሚያውቁት ከብዙ መንገድ በኋላ ነው፣ ጎማው ተበልቶ ሲያገኙት።

ይህን ደረጃ እንድሠራ ያነሳሳኝ አባቴ ነው። ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነው። «አባዬ፣ ልደግፍህ?» ስለው «ምን ሆኜ!» ይላል፣ ግን ፓራፋንጎው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ አየዋለሁ። መደገፉን እንቢ ካለ ደረጃ መሥራት ነው እንግዲህ።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ «የት?» የሚለው ነበር። ከኋላ ሞተሩና ፕሮፔለሩ አሉ፤ በዚያ ላይ ጀልባዋን ወደ ውሃ ስናወርድ ቀድሞ የሚጠልቀው የኋላው ነው። በጎን በኩል ጠርዟ ዝቅ ይላል፣ ነገር ግን ከጎማው አልፎ የሚወጣ ነገር ሁሉ የተሳቢውን ስፋት ይጨምራል። የስፋት ገደብ ደግሞ በየአገሩ ሕግ አለ። የቀረው የፊቱ ነው። ውሃው ዳር ስንሆንም ደረቁ ጫፍ እሱ ነው። ስለዚህ ጀልባዋን በገመድ ጎትቶ ተሳቢው ላይ የሚያወጣው ዊንች ከቆመበት ምሰሶ ፊት ለፊት፣ በመጎተቻው ዘንግ ግራ በኩል እንዲሆን ወሰንኩ።

ዊንቹ የቆመበትን ምሰሶ ራሱን ለምን አልተጠቀምክም የሚል ይኖራል። ያ ምሰሶ ጀልባዋን አጥብቆ የሚይዝ ነው። ቦታውም እንደ ጀልባው ርዝመት ወዲያና ወዲህ እንዲስተካከል ተብሎ በቡሎን ብቻ የታሰረ ነው። በየጊዜው ሰው ከተንጠላጠለበት ቀስ በቀስ ከቦታው ይንሸራተታል። ጀልባዋን የያዘውን ነገር ለሌላ ሥራ ባልደርብበት መረጥኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደረጃ መሥራት ራሱ ከባድ አይደለም። ከባዱ በዙሪያው ያለው ሁሉ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። መኪናው ይታጠፋል፣ ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ትላለች፣ ተሳቢው ውሃ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ለክተው ቢገጥሙ ሲንቀሳቀስ ይጋጫል። ስለዚህ አንድም ብረት ሳልቆርጥ በፊት ደረጃውን በካርቶን ሠራሁት። ካርቶኑን በልኩ አጥፌ በፕላስተር ዘንጉ ላይ አሰርኩት። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ባለቤቴ አጠገቡ ቆማ «ና፣ ና፣ ትንሽ፣ በቃ!» ትለኛለች። በግራም በቀኝም እንዲሁ።

ያ ካርቶን ብዙ አስተማረኝ። ወደ ኋላ ሲኬድ መኪናውና ተሳቢው ሲታጠፉ የመኪናው የኋላ ጥግ ወደ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚጠጋ ቆሞ በማየት አይገመትም። ካርቶኑን ጨረፍ አደረገው። ሐሳቤን ወደ ዊንቹ በኩል አንድ ክንድ ያህል አሸሸሁት። ወደ ላይ የሚከፈተውን የመኪናዬን የኋላ በርም ከፍቼ ሞከርኩ። በሩ ራሱ ነፃ ነበር፤ ልሠራ ያሰብኩትን ረጅም መጨበጫ ግን ይመታዋል። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ካርቶኑን እንደታሰረ ይዤ ውሃ ዳር ወረድኩ። ረጥቦ ቢበላሽም ግድ የለም። ጀልባዋን ከተሳቢው ላይ ስታወርዷት መጀመሪያ የምትንሳፈፈው በኋላዋ ነው፤ የዚያን ጊዜ አፍንጫዋ ወደ ታች ይጫናል። መልሳችሁ ስትጭኗት ደግሞ ተሳቢው ብዙ ከጠለቀ አፍንጫዋ ከምትደገፍበት የላስቲክ ማቆሚያ በላይ ከፍ ብላ ወደ ፊት ትመጣለች። ነፋስ ካለ ወደ ጎንም ትወዛወዛለች። ከዚህ ሁሉ ተነስቼ በደረጃውና በጀልባዋ አካል መካከል 15 ሴንቲሜትር ክፍተት ተውኩ። ፋይበር ግላስ ከብረት ጥግ ጋር ሲጋጭ የሚሸነፈው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ከፍታው በቀላል ሒሳብ አለቀ። የጀልባዋ የፊት ጠርዝ ከመሬት 1.20 ሜትር ነው። ለአራት ከፈልኩት፤ እያንዳንዱ እርምጃ 30 ሴንቲሜትር። ስለዚህ ሦስት መርገጫ፦ በ30፣ በ60 እና በ90 ሴንቲሜትር፤ አራተኛው እርምጃ ጀልባዋ ናት። እኩል መሆናቸው ከቁመታቸው በላይ አስፈላጊ ነው። እግር የመጀመሪያውን ከፍታ ይለምድና ቀጣዩንም እንደዚያው ይጠብቃል። አንዱ አምስት ሴንቲሜትር ከበለጠ የሚያደናቅፈው እሱ ነው፤ በተለይ እጅ ዕቃ ሲይዝ።

የታችኛው መርገጫ ትንሽ አስቸግሮኛል። በ30 ሴንቲሜትር ላይ ሲሆን ከዘንጉ በታች ይንጠለጠላል። ሜዳውና ቁልቁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ መሬት ይነካል። ስለዚህ በማጠፊያ አድርጌ በፒን ወደ ላይ የሚቆለፍ አደረግኩት። ሲቆም ይወርዳል፣ ሲጓዝ ይታጠፋል።

ቱቦላሬውን አስቆርጬ ወደ ብየዳ ቤት ስሄድ ባለሙያው ተሳቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ምን ያለፋሃል፣ እዚሁ ዘንጉ ላይ ልበይድልህና ትገላገላለህ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ሐሳቡ ግን አልተመቸኝም። የተሳቢው ብረት ቀልጦ በተዘጋጀ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ነው። ዝገትን የሚከላከልለት ያ ሽፋን ነው። የብየዳ እሳት ሽፋኑን ያቃጥለዋል፤ የቱቦውን የውስጥ በኩል ደግሞ በኋላ ቀለም ልቀባው ብል አልደርስበትም። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስም ለበያጁ መጥፎ ነው፤ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። በትራፓኖ መብሳትም ያው ነው፤ ቀዳዳው ውሃ ያስገባል፣ ዝገቱም ከውስጥ ይጀምራል።

ስለዚህ ደረጃውን ለብቻው በይደን፣ በዩ ቅርጽ ቡሎን ዘንጉን አቅፎ እንዲይዝ አደረግነው። ዘንጉ አራት ማዕዘን ስለሆነ ቡሎኑም ባለ አራት ማዕዘን መሆን አለበት። ክቡ ዩ ጥጎቹን ብቻ ነክቶ ይቀራል፣ ሲቆይ ይላላል። ሁለቱን ቡሎኖች በ20 ሴንቲሜትር አራራቅናቸው፤ በመካከላቸው 8 ሚሊሜትር ላሜራ አለ። ዳዶዎቹ ባለ ላስቲክ ናቸው። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ አይሆንም፤ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ እያሉ እኩል ማምጣት ነው። አይዝጌ ቡሎን የሚጠቀም ሰው ጥርሱን ግሪስ ይቀባ። አይዝጌ በአይዝጌ ላይ ደርቆ ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይያያዝና ከሴጌቶ በቀር የሚፈታው የለም።

ስለ ጥንካሬው አንድ ነገር ልበል። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዘንጉ መሃል 30 ሴንቲሜትር ወጣ ብሎ ሲቆም ዘንጉን ወደ ታች ከመጫን አልፎ ሊጠመዝዘውም ይሞክራል። ዘሎ ሲያርፍማ ጫናው ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። የእኔ ተሳቢ ዘንግ ዙሪያው የተዘጋ ቱቦ ነው፤ ዝግ ቱቦ መጠምዘዝን በደንብ ይቋቋማል። አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ የሲ ቅርጽ ያለው ብረት ግን በዚህ በኩል ደካማ ነው። ተሳቢያችሁ እንዲያ ከሆነ መርገጫውን ወደ ዘንጉ አስጠጉት፣ ወይም ሁለት ብረት ላይ እንዲያርፍ አድርጉት።

የመርገጫው ፊት ላይ ብዙ ሰው ሸካራ ፕላስተር ይለጥፋል። ደረቅ ቦታ ላይ ይሠራል። ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ነገር ላይ ግን ጠርዙ ይነሳና ከሥሩ አሸዋ ይሰበስባል። እንጨትም አልፈለግኩም፤ ሲርስ ያሙለጨልጫል። ጥርስ ያለው ፍርግርግ ብረት ጫማን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ጀልባ ላይ ግን ግማሹ ሰው ባዶ እግሩን ነው። ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ተገፍተው ጠርዛቸው ከፍ ያለ የአሉሚኒየም ሰሌዳ አገኘሁ። መፈተኛዬ ቀላል ነበር፦ የሳሙና ውሃ ደፋሁበት፣ ነጠላ ጫማ አድርጌ ወጣሁ፤ ቀጥሎ ጫማውን አውልቄ ወጣሁ። ነጠላው ትንሽ ጮኸ እንጂ አልተንሸራተተም። ባዶ እግሬ ቀዳዳዎቹን በደንብ ይሰማቸዋል፣ ግን አያምም። ውሃውም በቀዳዳዎቹ ወርዶ ወዲያው ደረቀ።

አሉሚኒየምና ብረት በተለይ ጨው ውሃ ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ አስገባሁ፤ ቡሎኖቹ ሥርም የፕላስቲክ ሮንዴላ። የደረጃው ምሰሶ ቱቦ ከታች ቀዳዳ አለው፤ የገባው ውሃ ይውጣ ብዬ ነው። የተበየደው ሁሉ ተፍቆ ዚንክ ያለበት አንቲረስት ተቀባ፣ ላዩ ላይ ቀለም።

ወደ መጨበጫው ልመለስ። ብዙ ሰው ደረጃ ሲያስብ እግርን ብቻ ያስባል። እኔ ግን ሁለቱን ባወዳድር እጅ የሚይዘው ነገር ይበልጣል እላለሁ። መርገጫው ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን መጨበጫ ከሌለ ሰውየው የጀልባዋን ሐዲድ፣ ማለትም ጠርዟ ላይ ያለውን የመያዣ ቱቦ፣ ይጎትታል። ያ ሐዲድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በትናንሽ ቪቶች የተያዘ ነው። ስለዚህ ከላይኛው መርገጫ 90 ሴንቲሜትር ከፍ የሚል ክብ ቱቦ አቆምኩ። ገመድ እንዳይጠላለፍበት አናቱን እንደ ቀለበት አጠፍነው። የመኪናውን በር እንዳይመታ ደግሞ በወፍራሙ ቱቦ ውስጥ ተሰክቶ የሚነቀል ነው። እንዳይንኳኳ በጎን አንድ ቡሎን ያጠብቀዋል። ያላሰብኩት ጥቅምም አለው፦ ባዶውን ተሳቢ ወደ ኋላ ስነዳ መስታወት ውስጥ ጎልቶ ይታየኛል።

አባዬ መጀመሪያ ሲወጣ ደረጃውን እንዳላየ ሆነ። መጨበጫውን ነቅነቅ አደረገው፣ አልተነቃነቀም። ከዚያ ዘንቢሉን በአንድ እጁ እንደያዘ ወጣ። «ይሄ ለእናትህ ጥሩ ነው» አለኝ ከላይ ሆኖ።

ቤት ውስጥ ያወጣነው ሕግ አለ። ተሳቢው ከመኪና ጋር ካልተያያዘ ማንም አይወጣም። መኪና ከሌለ ጎማዎቹ በፊትም በኋላም ይታገዳሉ፣ ከዘንጉ ሥርም ጠንካራ ማቆሚያ ይገባል። የፊቷ ትንሽ ጎማ ለመግፊያ እንጂ ለሰው ክብደት አይደለችም፤ ትንከባለላለች። አንድ ሰው ወጥቶ ወደ ጀልባዋ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ያልታሰረ ተሳቢ ፊቱን ወደ ሰማይ ሊያነሳ ይችላል። መኪናው ሲንቀሳቀስም፣ ለሁለት ሜትር እንኳ ቢሆን፣ ደረጃው ላይ ሰው አይቆምም።

ክብደቱን ለሚጠይቁ፦ ጠቅላላ 15 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ቦታው ፊት ስለሆነ አብዛኛው የሚያርፈው ተሳቢው በሚያያዝበት የመኪናው ኳስ ላይ ነው። የጀልባ ተሳቢ ኳሱ ላይ የሚጥለው ከጠቅላላ ክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይመከራል። እኔ ባትሪዋን ወደ ኋላ አዛውሬ አመጣጠንኩት።

ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ ቁልፍ ይዛችሁ ዳዶዎቹን ፈትሹ። አዲስ ቀለምና አዲስ ብረት ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ቡሎኑ ትንሽ ይላላል። የእኔ ግማሽ ዙር ያህል ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም፤ ቢሆንም የጎማ ንፋስ በለካሁ ቁጥር አያቸዋለሁ። የውሃ አረም ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ወደ ሌላ ውሃ ይዤው እንዳልሄድ በብሩሽ አስለቅቀዋለሁ። ያው ብሩሽ የጫማ ጭቃም ያራግፋል፤ የደረጃው ምሰሶ ላይ በገመድ አስሬዋለሁ። የታችኛው መርገጫ ጠርዝ ላይ ደግሞ አንጸባራቂ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ ተዘርግቶ ሲረሳ በጨለማ ቅልጥም ይመታል።