ጥላ ያለበት ማዶ

ከንጋት በፊት ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡሳችን ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ጭሮንና ቁልቢን አልፎ ደንገጎ ሲደርስ፣ እስከዚያ ድረስ ጋቢዋን ተከናንባ የመጣችው የወንበር ጎረቤቴ አውልቃ አጣጠፈችውና ከእግሯ ሥር አስቀመጠችው። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት በደጋው የለበሱትን ሁሉ ከተማ ሳይገቡ ያስወልቃል። ወሩ ግንቦት ነበር። ከመናኸሪያ የያዝኩት የባጃጅ ሹፌር ወዴት እንደምሄድ ጠይቆኝ «ከዚራ ሠፈር» ስለው፣ በመስታወቱ አየት አደረገኝና «አቦ፣ እዚያማ ፀሐይም ፈቃድ ጠይቃ ነው የምትገባው» አለኝ። ቀልዱን የተረዳሁት ባጃጁ ከጠራራው አስፋልት ታጥፎ ከዛፎቹ ሥር ሲገባ ነው፤ ፊቴን ሲለበልበኝ የነበረው ነፋስ በአንድ ጊዜ ነፋስ ሆነ።

አንድ ወር የተቀመጥኩበት የአክስቴ ቤት የሚገኘው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ጎዳና ላይ ነው። ከግራና ከቀኝ የተዘረጉት ቅርንጫፎች መሀል ላይ ስለሚገናኙ መንገዱ ጣሪያ ያለው ይመስላል፣ በግንቦት ደግሞ ያ ጣሪያ ቀይ ነው። በሌላው አገራችን ሳይቀር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚባለው ይህ ዛፍ በሙቀቱ ወራት፣ ቅጠሉ ገና በቅጡ ሳይሞላ፣ አበባውን ያፈነዳል፤ ጠዋት ደጃፉን የሚጠርግ ሰው ከአቧራው ይልቅ የሚያፍሰው አበባ ይበዛል። ልጆች ደግሞ የደረቀውን ረጅም የፍሬውን ቅርፊት እንደ ሰይፍ ይማዘዙበታል፣ ሲሰለቻቸውም እንደ ጸናጽል ያንሿሿሉ። የከተማይቱን ስም የያዘው ዛፍ ግን የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። አብሮት የቆመው ኒምም ከሕንድ ወገን የመጣ ነው። ከዚራ ውስጥ እንዲያው በራሱ የበቀለ ነገር ጥቂት ነው ማለት ይቻላል፤ መንገዱም ጥላውም ታስቦበት የተተከለ ነው።

ያሰበው የባቡሩ ኩባንያ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ ሲፈቅዱ መስመሩ ሐረርን እንዲያገኝ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ሐረር ያለችው ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑና ሐዲዱን በዚያ ገደል ማውጣት ወጪውን ስለሚያከብደው፣ ከተራራው ግርጌ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ሥፍራው «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ከስሮ በሌላ ኩባንያ እስኪተካ ድረስ ሥራው ስለተጓተተ፣ መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የመስመሩ መጨረሻ፣ የጥገናው ወርክሾፕና የዕቃው ማራገፊያ ድሬዳዋ ስለነበረች፣ ፈረንሳዊው መሐንዲስ፣ ግሪኩና አርመኑ ነጋዴ፣ የኩባንያው ጸሐፊም ከሐሩሩ የሚሸሸግበት ሠፈር አስፈለገው። ከደቻቱ ወንዝ በስተምዕራብ ያለችው ከዚራ መንገዶቿ እንደ ገመድ ተወጥረው ተነደፉ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሬውና ዐረቡ በአብዛኛው የሰፈረበት መጋላ ግን ከደቻቱ ወዲያ በራሱ መንገድ፣ በጠባብ መተላለፊያና ቤት ለቤት ተያይዞ፣ አደገ።

የአክስቴ ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ባለ እንጨት መዝጊያ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ ያለው ነው። ቀድሞ የአንድ ነጋዴ መኖሪያ ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ በቀበሌ እጅ ገባ፣ ዛሬ አራት ቤተሰብ ይኖርበታል፤ በረንዳውም በቆርቆሮና በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ወጥ ቤት፣ መኝታና የዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ያልተከፋፈለው ነገር ዛፉ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ አራቱም ቤተሰብ ምንጣፉን ይዞ ከሥሩ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላም ጫቱ፣ ሻዩና ጣፋጩ ሙሸበክ እዚያው ይቀርባል፣ የተጣላ ካለም የሚታረቀው እዚያው ነው።

ስለ ውሃው ግን በጎ የምለው የለኝም። ከከርሰ ምድር የሚወጣው የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየሙ ብዙ በመሆኑ የአክስቴ ማንቆርቆሪያ ከውስጥ በኖራ የተለሰነ ይመስላል። እኔ በነበርኩበት ወር ቧንቧው በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ አንዳንድ ቀን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲንኳኳ ሰምተን በርሜልና ጄሪካን ይዘን ተሯሩጠናል። አክስቴ ዕቃ የታጠበበትን እጣቢ አንድም ቀን ውጭ ስትደፋ አላየሁም፤ ሳህኑን አንሥታ በቀጥታ ወደ ዛፉ ሥር ትሄዳለች። «ያኔ ኩባንያው ያጠጣ ነበር፤ አሁን እኛ ነን፤ ማን አለው ብለህ ነው ልጄ» አለችኝ። ኩባንያ የተከለውን ጥላ አሁን የሚያቆየው የአራት ቤተሰብ እጣቢ ነው። ይህን ሳስብ ሌላው ቀርቶ ፊቴን ስታጠብም ውሃውን በሳፋ ማጠራቀም ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ መካኒክ፣ እኔ «ጋሼ» እያልኩ የምጠራቸው፣ የባቡር ሠራተኞች ይዝናኑበት ወደነበረ አንድ ግቢ ወሰዱኝ። ሽማግሎች ነጭ አሸዋ በፈሰሰበት መሬት ላይ ፔታንክ ይጫወታሉ። የብረቱ ኳስ ከእጃቸው ከመውጣቱ በፊት በጨርቅ የሚወለወልበትና ርቀቱ በገመድ ተለክቶ የሚያከራክርበት መንገድ ከሽምግልና ችሎት አይተናነስም። ፈረንሳይኛው ከአፋቸው አልጠፋም፤ ነጥብ የሚቆጥሩት፣ የሚሳደቡትም በእሱ ነው። ጋሼ በ1950ዎቹ ለማጅ ሆነው ሲገቡ የዚህ ዓይነቱ ግቢ ለእሳቸው አጥር ብቻ ነበር። «ሙዚቃውን ከውጭ ቆመን እንሰማለን፤ በረዶ ያለበት ብርጭቆ ሲንኳኳ ግን ከሙዚቃው በላይ ይሰማን ነበር፤ ያኔ በረዶ እኮ ወርቅ ነው» አሉኝ። ውስጥ መግባት የቻሉት ማዕረጋቸው ከፍ ሲል ነው፤ ሲገቡም፣ እንደነገሩኝ፣ ሙዚቃው ከውጭ ሲሰሙት የነበረውን ያህል አልጣማቸውም።

በዚያ ግቢ ተቀምጬ ከዓመታት በፊት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አንድ ክረምት የቆየሁበት ሠፈር ትዝ አለኝ። በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ «ካንትሪ ክለብ ዲስትሪክት» የሚባል፣ ስሙን ከጎልፍ ክለብ የወሰደ፣ በዛፍ የተሸፈነ ሰፊ ሠፈር አለ። ጄ. ሲ. ኒኮልስ የሚባል የመሬት ነጋዴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መሬቱን ሸንሽኖ ሲሸጥ፣ መንገዱን ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር አጠማዝዞ፣ ዛፍ ተክሎ፣ ሐውልትና ፏፏቴ አቁሞበታል፤ በቤቶቹ የሽያጭ ውል ላይ ግን ጥቁሮች እንዳይገዙና እንዳይኖሩ የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ከተማው የሰውየውን ስም ከአንድ ጎዳናና ከአንድ ፏፏቴ ላይ ያነሣው ደግሞ በ2020 ነው። እኔ በዚያ ክረምት ከዛፎቹ ሥር ስመላለስ ይህን አላወቅሁም ነበር፤ ያየሁት ውበቱን ብቻ ነው። በከዚራ እንዲህ ዓይነት የውል አንቀጽ ነበር ማለቴ አይደለም። ከዚራን ከመጋላ ለመለየት ደቻቱና ደሞዝ ይበቁ ነበር።

ደቻቱ በበጋ ወንዝ አይመስልም። ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው፤ ሰው አቋርጦት ይሄዳል፣ ፍየሎች ይተኙበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ሌሊት ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ሕይወት ወስዷል፤ የከተማው ሰው ስለዚያ ሌሊት የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ከፊራ ገበያ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀበለኝ ሙቀቱ ነው፤ የአየሩ ልክ አንድ ሆኖ ሳለ ፀሐይዋ አናቴ ላይ በቀጥታ ታርፋለች። ከፊራ ከሐረር ጫፍ የወረደው አትክልት፣ ከጅቡቲ በኩል የገባው ጨርቅ፣ ቅመሙና ከሰሉ በአንድ ላይ የሚጮኹበት ገበያ ነው፤ በአንድ እስትንፋስ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚቀላቅል ነጋዴ እዚያ ብርቅ አይደለም። ከዚራ ጥላ አላት፣ መጋላ ሕይወት አላት ብዬ ለመጻፍ አስቤ ተውኩት፤ ለጻፈው እንጂ ጠራራ ላይ ቆሞ ለሚውለው የሚረባ አባባል አይደለም።

ሁልጊዜ ሻይ የምጠጣባት ሴት ከገበያው ዳር ጆንያ በአራት እንጨት ወጥራ ትሠራለች። ጥላው በጠዋት በምዕራብ በኩል ይወድቃል፣ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ፤ ደንበኞቿም በርጩማቸውን እየጎተቱ ይከተሉታል። እኩለ ቀን ላይ ከጆንያው ሥር የሚበቃው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ከየት እንደምመጣ ስነግራት «እናንተማ ዛፍ አላችሁ» አለች፣ ያለ ቅሬታ፣ እንዲያው ሸቀጥ እንደምትቆጥር።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ምንም ሳትል ከግቢው ጥግ፣ ከትልቁ ኒም ሥር ራሱን ችሎ የበቀለ ክንድ የሚያህል ችግኝ ከነአፈሩ ነቅላ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ጣሳውን ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ። ባለ ሻይዋ ተቀበለችኝ፣ ግራ ቀኝ አገላብጣ አየችው፣ ከጄሪካኖቿ ኋላም ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አኖረችው። ጄሪካኖቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ሻዬን ከቀዳችልኝ በኋላ ወደ ጣሳው መለስ ብላ አይታ፣

«በቀን ስንት ውሃ ይጠጣል?» አለችኝ።

አክስቴን ሳልጠይቅ መምጣቴ ያኔ ገባኝ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት።