ጌድ ወይስ ገድ

ዝናቡ ከቀትር በኋላ እንደ ጀመረ ነው፣ አላባራም። መብራትም ከሄደ ቆይቷል። ቆርቆሮው እንዲህ ሲደበደብ ጅማ ውስጥ ሬዲዮም ሰውም አይሰማም፤ ያለው ሻማና መጽሐፍ ነው። ነሐሴ ሲጋመስ የሚመጣብኝ ነገር አለ። ኀዘን እንዳልለው ኀዘን አይደለም፤ ናፍቆት እንዳልለው የናፈቀኝን አላውቀውም። እንዲህ ሲሆን ከፋንታሲ በቀር ሌላ ነገር አይነበብልኝም። የዛሬው ዕቅድ ቀላል ነበር፤ ያለቀውን፣ የተያዘውንና ተረኛውን መጻፍ። የምጽፍላት ወዳጄም ዝርዝሩን ትጠብቃለች።

ያለቁት ኧርዝሲ የሚባለው የፋንታሲ ተከታታይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጾች ናቸው፤ ኧርሱላ ለግዊን እ.ኤ.አ. በ1968፣ በ1971 እና በ1972 ያወጣቻቸው። የተያዘው አራተኛው፣ «ቴሃኑ» ነው። እሱ የወጣው በ1990 ስለሆነ በመካከሉ 18 ዓመት አለ፤ ክፍተቱ ሲያነቡት ያስታውቃል። አንደኛውና ሦስተኛው ከደሴት ደሴት፣ ከጀልባ ጀልባ ይሮጣሉ። አራተኛው ግን የመበለት ቤት፣ ፍየል፣ እሳት የበላት ሕፃን ነው። ጀብዱ ፍለጋ የከፈተው ሰው እዚህ ላይ ይጥለዋል። አንቺ አትጣይው።

ተረኞቹ የ2001 ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ፣ አንዱ ረጅም ልቦለድ። ስብስቡን ዘሎ ልቦለዱን መያዝ ያምራል፣ ግን ያስከፍላል። የስብስቡ የመጨረሻ ታሪክ፣ በእኛ «የውኃ ተርብ» ልንለው የምንችለው፣ የአራተኛው ቅጽና የልቦለዱ ድልድይ ነው። እሱን ያላነበበ ሰው በልቦለዱ ውስጥ አንዲት ሴት ስትመጣ ከየት እንደመጣች አይገባውም። ከዚያ የደራሲዋ የጄሚሲን ሦስት ቅጾች አሉ (ከ2015 እስከ 2017 የወጡ፣ ሦስቱም በተከታታይ ለሳይንስ ልቦለድና ለፋንታሲ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት የወሰዱ)። እነሱን ገና ሳልጀምር የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከታሪኩ ብዙው የተጻፈው በሁለተኛ መደብ ነው። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያልፋል፤ አማርኛ ግን ግሡ ላይ አንተን ወይም አንቺን ሳይለይ አንድ እርምጃ አይሄድም። ባለታሪኳ ሴት ናትና «አንቺ» መሆኑ አይቀርም። አንባቢን መጽሐፍ ሙሉ «አንቺ» ማለት ወንዱን አንባቢ ከደጅ ይመልሰዋል ወይስ ይዞት ይገባል?

የኧርዝሲን ሽፋን ደግሞ አትመኚ። ባለታሪኩ ጌድ ቀይ ዳማ ነው፣ ጓደኛው ጥቁር ነው፤ ነጮቹ ካርግ የሚባሉት ሕዝብ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ሽፋኑ ላይ ነጭ ልጅ የተሣለባቸው እትሞች ብዙ ናቸው፤ ደራሲዋ ይህን ስትቃወም ነው የኖረችው።

አሁን «ጌድ» ብዬ ጻፍኩ። የመጻሕፍቱን ስሞች የምመዘግብበት ደብተር ላይ ግን «ገድ» ይላል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛ አናባቢውን ለአንባቢው ትቶ ይሄዳል፤ የእኛ ፊደል ግን ከሰባቱ አንዱን ምረጥ ይላል። የዚህ ስም ድምፅ በ«ገ» እና በ«ጌ» መካከል ነው። «ጌድ» ከተባለ ድምፅ ብቻ ነው። «ገድ» ከተባለ ግን ገደኛ፣ ገደ ቢስ፣ ገድ የቀናው እያለ አማርኛው ሁሉ ተከትሎ ይገባል። ልጁ በገዛ እጁ የለቀቀው ጥላ የሚያሳድደው ነው። ስሙ «ገድ» ሲሆን ደራሲዋ ያላለችው ትንቢት ግንባሩ ላይ ይጻፍበታል። ስለዚህ ጌድ ይሁን፤ ደብተሩን አርሜዋለሁ።

ደብተሩ እንዴት እንደሚያዝ ልጻፈው፣ ተከታታይ መጽሐፍ ለሚጀምር ይጠቅማል። ቅደም ተከተሉ ሀ ሁ ነው እንጂ ኤ ቢ ሲ አይደለም፤ ስም የሚታወሰው በድምፁ ነውና። ለእያንዳንዱ ፊደል ቤተሰብ ግማሽ ገጽ ይበቃል። አራት ዓምድ ይሰመራል፤ ስሙ በፊደል፣ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ መጀመሪያ የታየበት ገጽ፣ ሌሎች ስሞቹ። ለኧርዝሲ የመጨረሻው ዓምድ ሰፋ ማለት አለበት፤ አንድ ሰው ሦስት ስም አለው። ሕፃን ሳለ እናቱ ያወጣችለት ዱኒ፣ ሰው ሁሉ የሚጠራው ጭልፊት፣ የእውነቱ ጌድ። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ማድረግ ነው፣ እንደ ሰዋስው መጻሕፍት። ያለ ነጥብ «ገና» የልደት በዓል ይሁን «ገና ነው» የሚለው ይሁን እኛም በዐውድ ነው የምንለየው፤ ለተፈጠረ ስም ዐውድ የለውም። ከሀ፣ ከሐ እና ከኀ አንዱን መርጦ መጽናት፣ ሰንም ሠንም እንዲሁ። ስልክ ላይ የሚጽፍ ሰው ይህን ከዘነጋ በኋላ ሲፈልግ አያገኘውም፤ ስልኩ ሀን እና ሐን የማይተዋወቁ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው።

ትልቁ ወጥመድ ግን የስሙ መነሻ ነው። በ፣ ለ፣ ከ፣ የ በአማርኛ ከስም በፊት የሚገቡ ናቸው። የፔንዶር ደሴትን ዘንዶ ጌድ ያንበረከከው ስሙን ገምቶ ነው። ያ ስም «የቫውድ» ተብሎ ከተጻፈ አንባቢ «የማን?» ይላል፤ የቫውድ ንብረት ይመስላል። «ዬቫውድ» መባል አለበት። ንጉሡ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የእውነት ስሙ በጥንቱ ቋንቋ የዛፍ ስም ነው። «ለባነን» ብለው ሲጽፉት ለሆነ ሰው የተሰጠ ነገር ይሆናል። «ሌባነን» ብለው ሲጽፉት ዓይን ለሁለት ይከፍለውና «ሌባ ነን» ብሎ ያነበዋል። ስንት ዘመን ባዶ የቆየ ዙፋን ላይ የሚቀመጥ ሰው በዚህ ስም አይጠራም። «ልባኔን» አልኩት። ከእንግሊዝኛው ትንሽ ይርቃል፣ ግን ልብ አለበት፤ ንጉሡን አያዋርደውም።

የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስት ቅጾች (1954 እና 1955) ለሚጀምር ደግሞ፤ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት በሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ ካሉት አባሪዎች አምስተኛውን ይግለጥ። የአነባበቡ ሕግ እዚያ ነው። እንግሊዞች «ሲ» የሚሏት ፊደል ኤልፍ በሚባሉት ሰው መሰል ፍጡራን ስሞች ሁልጊዜ ክ ናት፤ ኬሌቦርን እንጂ ሴሌቦርን አይደለም። ድርብ የተጻፈ ተነባቢ ይጠብቃል፣ ር ሁልጊዜ ምላስ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ሁለቱም ለእኛ አፍ የተሠሩ ናቸው። ለኤልፎቹ የፈጠረላቸው ጽሕፈትም ተነባቢውን ጽፎ አናባቢውን በምልክት ከላይ ያስቀምጣል፤ እኛ ሁን ወገቧ ላይ፣ ሂን እግሯ ላይ እንደምንቀጥለው። ሀ ሁ የቆጠረ ልጅ ያንን ጽሕፈት ለመረዳት ሩቅ አይሄድም።

የስም ነገር እንዲህ ከሆነ ተራ ቃሉስ? «ኧርዝሲ»ን ልተርጉም ብል ምድረ ባሕር ነው የሚሆነው። ምድሪ ባሕሪ ግን በሰሜን የነበረ አገር ነው፣ ባሕር ነጋሽ የሚገዛው። አንባቢው ደሴቶቹን ትቶ ወደ ምጽዋ ያያል። ዘንዶም አስቸጋሪ ነው። የዮሐንስ ራእይ ታላቁን ቀይ ዘንዶ ሰጥቶናል፣ ሰው ዘንዶ ሲባል የሚያየው ግን የሚሳብ፣ የሚጠመጠም ነገር ነው። የኧርዝሲ ዘንዶ ይበራል፣ ይናገራል። በዚያ ላይ ሰው መዋሸት በማይችልበት የጥንት ቋንቋ እሱ ቃል ማጣመም ይችላል። ደራጎን ብንለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፈረሱ ሥር የተጋደመው ነው ትዝ የሚለው። እኔ ዘንዶን እመርጣለሁ፤ ክንፉን ታሪኩ ያበቅልለታል።

ከሁሉ የከበደው የጌድ ሙያ ነው። ጠንቋይ ብንለው ሰው ይሸሸዋል። ደብተራ የተማረ ነው፣ ግን ከቤተ ክርስቲያን አይነጠልም። ሰብአ ሰገልን ያስታወሰ «መሰግል» ይላል፤ ቃሉ ያምራል፣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ጠቢብ ይሻላል፤ የጠቢባኑ ትምህርት ቤት ያለባት የሮክ ደሴት ሹመት «ሊቀ ጠቢባን» ሲባል እንደ ሊቀ ጳጳሳት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዘጠኙ መምህራን አንዱ የዜማ መምህር ነው፣ ይህን እኛ ማስረዳት አያስፈልገንም። አንዱ የስም መምህር ነው። ብቻውን በቆመ ግንብ ተቀምጦ ለተማሪዎቹ የስም ዝርዝር ይሰጣል፤ ቀለሙ እኩለ ሌሊት ላይ ይጠፋል፣ እስከዚያ በቃል ያልያዘ ብራናው ባዶ ይሆንበታል። የቆሎ ተማሪ ይህን ቢያነብ ቤቱን ያገኛል።

ጠቢቡ የሚሠራውስ ነገር? አስማት።

እዚህ ላይ ነው ሻማውን የረሳሁት። አስማት በግዕዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው። ስም፣ አስማት። ስሞች ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለግዊን አንድን ነገር መለወጥ የሚችለው የእውነት ስሙን ያወቀ ብቻ ነው የሚል ዓለም ስትሠራ ያንን ለማስረዳት ብዙ ገጽ አስፈልጓታል። እኛ ዘንድ በአራት ፊደል ተቀምጧል። ክታቡን ተመልከቱ፤ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጠላል፣ ጸሎቱ ይጻፋል፣ የክርስትና ስሙ በመካከሉ ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፋል፤ ጸሎቱ አይለወጥም፣ ስሙ ነው የሚለወጠው። በመርበብተ ሰሎሞን ንጉሡ አጋንንቱን እንደ ዓሣ በመረብ ይይዛቸዋል፣ መረቡም የተፈተለው ከስሞች ነው። የእኛን ሰፈር ሙስሊሞችስ ብትጠይቁ? አስማኡል ሁስና፣ መልካሞቹ ስሞች። ጸሎት እንጂ አስማት አይደለም፣ ቃሉ ግን ያው ከአንድ ሥር የበቀለ ነው።

የመጠሪያ ስምንም ለጅማ ሰው ማስረዳት አያሻም። ከጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የአባ ጅፋር ነው፤ ጅፋር ደግሞ የፈረስ ስም ነው። አባ ጅፋር፣ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል፣ የጅማ ነገሥታት በየተራ የምንጠራቸው በፈረሳቸው ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት። ጭልፊት የሚባለው ጠቢብ እዚህ ከተማ ቢመጣ ማንም የቤትህን ስም ንገረን ብሎ አይጨቀጭቀውም ነበር።

ዱኒ 13 ዓመት ሲሞላው የአክስቱ እጅ የልጅነት ስሙን ይወስድበታል፣ ራቁቱን የአር ወንዝ ምንጭ ውስጥ ገብቶ ይሻገራል። ማዶ ላይ ጠቢቡ ኦጊዮን ክንዱን ይዞ ስሙን በጆሮው ያንሾካሹክለታል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ውኃ ውስጥ የምናስገባ ሕዝብ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ለማንም መንገር አይቻልም። ከዚያ የክርስትና ስሙ ይደበቃል፣ ወልደ እገሌ መሆኑን ቤተሰብ ያውቃል፣ ጎረቤት አያውቅም። ጎረቤት የሚሰማው ፍትሐት ላይ ነው። ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ይላሉ፣ አንድ ሰው ከቤተሰቡ ቀረብ ብሎ ይናገራል፣ 40 ዓመት አብሮ ቡና የጠጣ ሰው ያኔ ቀና ይላል።

«ቴሃኑ» የሚጀምረው በዚህ ነው። ኦጊዮን ሊሞት ሲል ስሙን ለመበለቲቱ ለቴናር ይነግራታል፤ አይሃል። (አንድ ፊደል ቢለወጥ «ያይሃል» ይሆናል፤ ይህን ደብተሩ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ።) ሁለት ጠቢባን መጥተው የት ይቀበር ብለው ይከራከራሉ። እሷ ስሙን ትናገራለች፣ እነሱ አይሰሟትም። ሴት ናትና፣ አይሰሟትም። ስም ተነግሮ ሳይሰማ ሲቀር የኧርዝሲ ዓለም መታመሙ እዚያ ላይ ይታወቃል።

ታዲያ ያንን ስም በአማርኛ ምን እንበለው? «እውነተኛ ስም» ቢባል ሌላው ሐሰት ይሆናል፤ ጭልፊት ግን ሐሰት አይደለም። «የክርስትና ስም» ሁሉንም ነገር ይይዛል፣ ግን መጽሐፉን ተውሳ የምታነበውን የሰፈራችንን ሙስሊም ልጅ ከደጅ ያስቀራታል፣ ጅማ ደግሞ የእሷም ናት። «ኅቡዕ ስም» ትክክል ነው፣ የጸሎት መጽሐፍ ይሸታል፣ የ13 ዓመት ልጅ ሲያነበው መዝገበ ቃላት ያስፈልገዋል። «የውስጥ ስም» ቀላል ነው፣ ክብደት የለውም።

ግሡ ላይ ግን ችግር የለም። በኋለኞቹ ታሪኮች እንደምትነግረን ስም ሰጪው ስሙን አይመርጠውም፣ አይፈጥረውም፤ ውኃው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፣ ስሙ ይመጣል። እንግሊዝኛው «ሰጠው» ይላል። እኛ ሕፃን ሲወለድ «ስም አወጣለት» ነው የምንለው፤ ውስጡ እንደነበረ፣ አንድ ሰው እጁን ሰድዶ እንዳወጣው። ኦጊዮን ያደረገውም ይህንኑ ነው። አወጣለት። የወጣው ግን ምን ተብሎ ይጠራ?