የጊደሯ ነገር

ሐዋሳ ውስጥ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ነው የምሠራው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ደሞዝ በእኛ በኩል ይገባል። ይገባና በማግስቱ ይወጣል። ለሥራ አስኪያጃችን ይሄ የእግር እሳት ነበር። ከላይ ተቀማጭ አምጡ ይባላል፣ ተቀማጩ አያድርም።

2014 ዓ.ም. ላይ መፍትሔው ሥልጠና ነው ተባለ። የገንዘብ አያያዝና የሀብት ፈጠራ። አሠልጣኙ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። ፕሮጀክተር ተሸክሜ የተከተልኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ስላይድ "ብድር ጠላት ነው" ይላል። ሁለተኛው ደግሞ በቀን አንድ ማኪያቶ መተው በዓመት ስንት ብር እንደሚያተርፍ ያሰላል። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ "አሁን ማኪያቶ ስንት ገባ?" ስትል ሰማኋት። አሽሙር እንዳይመስላችሁ። የምሯን ነው፣ አታውቅም። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባ። 72ን ለወለዱ ስታካፍሉ ብራችሁ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ታገኛላችሁ። ብሔራዊ ባንክ ጥቅምት 2010 ላይ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አድርጎታል። 72 ለ7፣ አሥር ዓመት ከምናምን። ስሌቱ ልክ ነው። ሥልጠናው በተሰጠበት በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ መሆኑን ግን አላነሳም። ፕሮጀክተር ያዥ ደግሞ አስተያየት አይሰጥም።

ያችው ልጅ እጇን አወጣች።

"እኔ በዕቁቤ ጊደር ነው የገዛሁት" አለች።

የዕቁቡ አባላት የስፌት መስመር ልጆች ናቸው። መጀመሪያ የደረሳት ታተርፋለች፤ መጨረሻ የደረሳት ዕቃው ተወዶ ይጠብቃታል። ይህን አይተው በአንዱ ዙር መጨረሻ የሆነችው በሚቀጥለው ቀድማ እንድትወስድ ተስማምተዋል። ጊደሯ ገጠር አጎቷ ጋ ናት። ወተቱ የእሱ፣ ጥጃው የጋራ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው።

አሠልጣኙ ፈገግ አለ። "ጎበዝ። ግን ጊደሯ ብትሞትስ?"

"ስትታመም ታስታውቃላ! እናርዳታለን። ብር ሲታመም ግን በምን ይታወቃል?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምንም ያልሆነውን ገመድ ማስተካከል ጀመርኩ። አሠልጣኙ "ይሄ ከርዕሳችን ያስወጣናል" ብሎ ስላይድ ቀየረ። የመጣው ስላይድ "ጥያቄ ካላችሁ?" የሚል ሆኖ አረፈው።

እውነት ለመናገር ልጅቷ ሁሉንም አልመለሰችም። እናት በሌሊት ሆስፒታል ስትገባ የጊደር ግማሽ ተሽጦ አይደረስላትም። ለዚያ ለዚያ ባንክ ይሻላል። አሠልጣኙ ይህን ቢላት መልስ አልነበራትም። እሱ ግን ወደ ማኪያቶው ተመለሰ።

ምሳ አሞራ ገደል ወሰድኩት። የዓሣውን እሾህ እየለቀመ በሠራተኛ ብድር ኮንዶሚኒየም እንደገዛ አጫወተኝ። የባንክ ሠራተኛ የቤት ብድር ወለዱ ለሌላው ደንበኛ ከሚጠየቀው በጣም ያነሰ ነው። "ቤቱ ከገዛሁት ወዲህ የት ደረሰ መሰለህ!" አለኝ። ቁጠባህስ አላልኩትም። ሒሳቡን የሚከፍለው እሱ ነበር።

ሪፖርቱን እኔ ጻፍኩ። "ከተሳታፊዎች የተነሱ ጥያቄዎች" በሚለው ሥር የጊደሯን ነገር አስገባሁ። ሥራ አስኪያጁ በእስክሪብቶ ሰረዘውና "ተሳታፊዎች ለሥልጠናው ምስጋና አቅርበዋል" የሚል ተካበት።

ልጅቷ ደሞዝ በገባ ማግስት እንደ ወትሮዋ መጣች። ብሯን ቆጥራ ወደ ጡቷ ከተተችና ቆም አለች።

"ያ ሰውዬ ግን እሱ ምን ገዛ?"

"ቤት።"

"ቆጥቦ?"

"በብድር።"

"እህ!" አለች። "ታዲያ ያንን አያስተምረንም?"