ብርቱካኑ መቼ ነው የሚመጣው?

ኖቬምበር ሲጋመስ በዚች ከተማ ዳቦ ገዝቼ በሰላም መውጣት አልችልም። ሱቅ ስገባ፣ ነዳጅ ስቀዳ፣ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ደም ግፊት እየለካሁ እንኳን ጥያቄው አንድ ነው። «ብርቱካኑ መቼ ነው የሚመጣው?» እኔ ነርስ ነኝ። ብርቱካን አልሸጥም። ግን የባንድ አስተማሪው ሚስት ነኝ፣ ስለዚህ ይመለከተኛል።

ለማታውቁት ላስረዳ። እዚህ አዮዋ፣ ሚድዌስት በሚባለው የአሜሪካ ክፍል፣ የትንንሽ ከተማ ት/ቤት ባንዶች ፍራፍሬ ይሸጣሉ። ልጆቹ መከር ላይ ቤት ለቤት እየዞሩ ትዕዛዝ ይሰበስባሉ። ዲሴምበር ላይ አንድ ትልቅ ተሳቢ መኪና ብርቱካንና ግሬፕፍሩት በካርቶን ጭኖ ከደቡብ ይመጣል። ትርፉ ለኖታ መግዣ፣ ለተሰበረ ሳክስፎን ማሠሪያ፣ ለዩኒፎርም ማሳጠቢያ ይሆናል። ት/ቤቱ በጀት የለውም ማለቴ አይደለም። ግን ቱባ የሚባለው ትልቁ ጥሩምባ አዲሱ ስንት እንደሚያወጣ ብታውቁ እናንተም ብርቱካን ትሸጣላችሁ። በዚያ ገንዘብ ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል።

እናቴ ይሄን ሁሉ እስካሁን በቅጡ አልተቀበለችውም። ያኔ ላገባ ነው ብዬ ስደውልላት «ሥራው ምንድን ነው?» አለችኝ። «የሙዚቃ አስተማሪ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እሺ ልጄ፣ ሙዚቃውን ተይውና፣ ሥራው ምንድን ነው?» ደገምኩላት። «አዝማሪ ልታገቢ ነው?» ያዳነኝ አጎቴ ነው። ስልኩን ተቀብሎ «እንደ ክብር ዘበኛ ማርሽ ባንድ አለቃ አድርገሽ ውሰጂው» ሲላት ትንሽ ተረጋጋች። ዩኒፎርም እንዳለው ስትሰማ ደግሞ ይበልጥ።

ስንጋባ ያልገባኝ፣ የቤታችን የቀን መቁጠሪያ የኛ አለመሆኑ ነው። ኦገስት ላይ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ጥላ ስር የተቀመጠ ሰው ላብ በላብ ሲሆን፣ ባሌ ልጆቹን የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ አሰልፎ በአምስት ያርድ ስምንት እርምጃ ሲያስቆጥራቸው ይውላል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ዓርብ ማታ ፉትቦል አለ (የአሜሪካኑ፣ በእጅ የሚያዘው)፣ ቅዳሜ የማርሽ ባንድ ውድድር አለ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ለስቴቱ ምርጥ ባንድ የሚፈተኑትን ይዞ ይሄዳል፤ ያለፉት ኖቬምበር ላይ ኤምስ ከተማ፣ ሂልተን ኮሊሲየም ውስጥ ይጫወታሉ። በ19 ዓመት ውስጥ 11 ልጆች አልፈውለታል። የእያንዳንዳቸውን ስም ያውቃል፣ የኔን የልደት ቀን ግን ስልኩ ነው የሚያስታውሰው። ዲሴምበር ብርቱካንና የክረምት ኮንሰርት። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ሲገባ፣ መኪና አልነሳ ሲል፣ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ ፔፕ ባንድ፣ ተመልካቹን የሚያሞቀው። ከዚያ ልጆቹ ዳኛ ፊት ለብቻቸውም በቡድንም ቀርበው ከአንድ ጀምሮ ደረጃ የሚሰጣቸው ወቅት ይመጣል፣ ከዚያ ምረቃ፣ ከዚያ ሜይ መጨረሻ ሜሞሪያል ዴይ፣ የሞቱ ወታደሮች የሚታሰቡበት ቀን። የሠርጋችን ቀን ጁን ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል።

ት/ቤቱ ትንሽ ስለሆነ አንድ ልጅ ሁሉንም ነው የሚሆነው። የዓርቡ ጨዋታ ለእረፍት ሲቆም፣ ሁለት ሦስት ተጫዋቾች የፉትቦል ልብሳቸውን ከነትከሻ መከላከያው እንደለበሱ ሮጠው መጥተው ትሮምቦናቸውን አንስተው ይሰለፋሉ። አሠልጣኙ መልበሻ ክፍል ውስጥ ይጠብቃቸዋል፣ ባሌ ሜዳው ላይ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ጉዳይ ሁለቱ ሰዎች በሰላም ያወሩበትን ቀን አላስታውስም።

ለኔ ግን ከሁሉም የሚገርመኝ የአምስተኛ ክፍሎቹ ነገር ነው። ባንድ የሚጀምሩት ያኔ ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ ይሞክራሉ፣ እሱ ከንፈራቸውን ያያል፣ ጥርሳቸውን ያያል፣ የክንዳቸውን ርዝመት ያያል። የጥርስ ሐኪም ነው የሚመስለው። ትሮምቦን የሚነፋ ልጅ እጁ ቱቦውን እስከ ሩቁ መግፋት መቻል አለበት። ትራምፔት የሚይዘው ማውዝፒስ በሚባለው የአፍ መንፊያ ብቻውን ከንፈሩን እንደ ንብ ማንዘር መቻል አለበት። ክላሪኔት ደግሞ ሪድ የምትባል ስስ የሸምበቆ ቁራጭ አላት፣ እሷ ከተሰነጠቀች የሚወጣው ድምፅ የታነቀ ዝይ ነው። ችግሩ ልጅ ሁሉ የሚፈልገው ከበሮና ሳክስፎን ነው። ሁሉም! አሥራ ሁለት ከበሮ መቺ ይዞ ባንድ አይመራም። ስለዚህ ባሌ በዚያች ሳምንት ደላላ ይሆናል። አንዱን ጎረምሳ «አንተ ጡንቻ አለህ፣ ቱባ የሚችለው እንዳንተ ያለ ብቻ ነው» ሲለው ሰምቻለሁ። ልጁ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ያ ልጅ ዛሬ የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ አሁንም ቱባውን አልተወም።

የወጥ ቤት ጠረጴዛችን ደግሞ ጋራዥ ነው። ማውዝፒስ ገብቶ የተጣበቀበት ትራምፔት፣ ፓዱ፣ ማለት ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ነገር፣ የረገፈ ክላሪኔት፣ የልጁ እናት በመኪና የሄደችበት ፍሉት። ሽሮ ስሠራ ቫልቭ የሚባለው የትራምፔት መጫኛ የሚቀባው ዘይት ይሸተኛል። ወደ ጠጋኝ መላክ ገንዘብ ስለሆነ የሚችለውን እራሱ ይሞክራል፣ የማይችለውንም ይሞክራል።

ደመወዙን የምትጠይቁኝ ወገኖች አላችሁ፣ አበሻ መሆናችሁን አውቃለሁ። በአዮዋ የጀማሪ አስተማሪ ዝቅተኛ ደመወዝ ለዓመታት 33,500 ዶላር ነበር። በ2024 በወጣ ሕግ መጀመሪያ ወደ 47,500፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 50,000 ከፍ አለ። ባሌ ጀማሪ ስላልሆነ ከዚያ ይሻላል። አንድ ጊዜ የሱን ደመወዝ ለሚሠራው ሰዓት ማካፈል ጀምሬ ነበር። መሀል ላይ ተውኩት፣ ለትዳር አይበጅም።

የባሌ አባት ገበሬ ናቸው፣ በቆሎና አኩሪ አተር። 78 ዓመታቸው ነው፣ ዘንድሮም በበጋው በከተማው ባንድ ውስጥ ዩፎኒየም፣ ማለት የቱባን ታናሽ፣ ነፍተዋል። ሐሙስ ማታ መናፈሻው ውስጥ ይጫወታሉ። ሰዉ መኪናውን ዙሪያውን አቁሞ መስኮት ከፍቶ ይሰማል፣ ዜማው ሲያልቅ በጭብጨባ ፋንታ ክላክስ ያደርጋል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው አደጋ የደረሰ መስሎኝ ዘልዬ ተነስቼ ነበር። ይህ የከተማ ባንድ ነገር እንዲሁ በፍቅር ብቻ የቆመ አይደለም። በፈረንጆች 1921 አዮዋ ያወጣችው ሕግ አለ፤ ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ለባንድ የሚሆን ትንሽ ግብር በራሱ ላይ እንዲጥል ይፈቅዳል። ሰው ወዶ ግብር ሲጥል አስቡት፣ ያውም ለጥሩምባ። ከሰርከስ ባንድ ሰርከስ ባንድ ሲዞር ኖሮ በ1920 እዚሁ አዮዋ ፎርት ዶጅ ከተማ የሰፈረው ካርል ኪንግ የሚባል የማርሽ ደራሲ ደግሞ ለሕጉ ማርሽ ጻፈለት። ለሕግ! ኪንግ በ1971 እስኪሞት የፎርት ዶጅን ባንድ መርቷል፣ አማቴም በልጅነታቸው ሁለቴ ሄደው አይተውታል። ሲያወሩት ቅዱስ ያዩ ነው የሚመስሉት።

ባሌ ግን በዚህ ወሬ ሲመሰጡ ዝም ብሎ አያልፍም። «አባዬ፣ የት/ቤት ባንዱን ያስፋፉት እኮ ነጋዴዎችም ናቸው» ይላል። እውነቱን ነው። በ1923 ቺካጎ ላይ የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ የት/ቤት ባንዶች ውድድር ያዘጋጁት የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካዎች ናቸው። ከኦሃዮ የመጣ የፎስቶሪያ ት/ቤት አሸነፈ፣ ከዚያ ወዲያ ከተማ ሁሉ ልጁን ማስነፋት አማረው። ፋብሪካዎቹ ደግሞ ብዙዎቹ እዚሁ ሚድዌስት ነበሩ፤ ኢንዲያና ውስጥ ያለችው ኤልክሃርት የታወቀችው በዚሁ ነው። የኤልክሃርቱ የመጀመሪያ ፋብሪካ ባለቤት ኮን፣ ከንፈሩ ስለተሰነጠቀ ጎማ የለበሰ ማውዝፒስ ለራሱ ሠርቶ ነው ወደ ንግዱ የገባው ይባላል። ከንፈር በመሰንጠቁ ስንት አባወራ እንጀራ በላ። አማቴ ይሄን ሲሰሙ «ቢሆንስ?» ይሉና ቡናቸውን ይጠጣሉ። ያቺን ቀጭን ቡናቸውን።

እሺ፣ እስካሁን የዞርኩት ወደ ልጄ ላለመምጣት ነው።

አንድ ልጅ አለችን፣ 15 ዓመቷ ነው። ትራምፔት ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ነፍታለች። ጎበዝ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል እያለች ሜሞሪያል ዴይ ላይ መቃብር ቦታው ጥግ፣ ከዛፎቹ ኋላ ቆማ ለሞቱት ወታደሮች የሚነፋውን 24 ኖታ በማስተጋባት ነፋች። አንዱ ከመቃብሩ አጠገብ ይነፋል፣ ሌላው ከሩቅ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልስለታል። የመጨረሻዎቹን ኖታዎች ስትይዝ የባሌን ፊት ማየት አልፈለግኩም፣ ሌላ ቦታ አየሁ።

ያለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ማታ ወደ መኝታ ቤቴ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ባንድ ልተው ነው» አለች። ለምን ስላት በአንድ ጊዜ ዘረገፈችው። የጎበዙ ነፊ ቦታ በሆነችው የመጀመሪያዋ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ልጆቹ የአባትሽ ስጦታ ነው ይሏታል። ስትሳሳት ደግሞ እሱ ከሌላው ልጅ ይልቅ እሷን ረዘም አድርጎ ያያታል። ቀኑን ክፍል ውስጥ አስተማሪ ነው፣ ማታ እራት ላይ ያችኑ ምት ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ይመታላታል። «ት/ቤትም እሱ፣ ቤትም እሱ። እኔ መቼ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደሷ ብሆን እኔ ከዚያ ቀደም ብዬ ነበር የምተወው። ይህን ለባሌም ነግሬዋለሁ። የከተማውን ልጅ ሁሉ የሚያባብል ሰው፣ ቱባ የሚያክል ብረት በምላሱ የሚሸጥ ሰው፣ ለገዛ ልጁ አንድ ለስላሳ ቃል ያጥረዋል። አስተማሪ ሁሉ እንዲህ ነው ሲሉ እሰማለሁ፣ ለኔ ግን ሰበብ አይሆነኝም።

የት/ቤቱ የኮርስ መቀየሪያ ቅጽ የሁለት ሰው ፊርማ ይፈልጋል፣ የአስተማሪና የወላጅ። እሷ ቅጹን ቁርስ ላይ አመጣችው። እሱ መነጽሩን አድርጎ ሙሉውን አነበበ፣ አንድ ገጽ ናት፣ ከዚያ ላይኛው መስመር ላይ ፈረመ፣ ታችኛውም ላይ ፈረመ። ሁለት ጊዜ። እኔ ልፈርም ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር፣ አላየኝም። «እርግጠኛ ነሽ?» ብቻ አላት። «አዎ፣ ዳዲ» አለች። እንቁላሉ በረደ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አልተርክላችሁም። አልተጣሉም፣ ቢጣሉ ይሻለኝ ነበር። እሷ ሩጫ ጀመረች፣ አገር አቋራጭ። እሱ ሄዶ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል፣ ጭብጨባው ግን አይለቀውም፣ ለእርምጃዋ ምት ይመታል። አንዴ ዞር ብላ ስታየው እጁን ኪሱ ከተተ።

ሴፕቴምበር ላይ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ መጣ፣ ቤተሰቡ ከተማዋ ከገቡ ገና ወራቸው ነው። ትራምፔት ይፈልጋል፣ የት/ቤቱ ትርፍ ትራምፔቶች ግን አልቀዋል። ባሌ ሦስት ቀን ምንም ሳይል ቆይቶ እራት ላይ፣ «ያንቺን ለአንድ ልጅ ባውሰው ቅር ይልሻል?» አላት። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ልጄ ማኘኳን ጨርሳ፣ «ይውሰድ። ግን ሁለተኛው ቫልቭ ይጣበቃል፣ ንገረው» አለች።

መኪናው ባለፈው ሳምንት፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ውጪው በረዶ ነበር። ጂም ውስጥ ወላጆች ሰልፍ ሠርተው ካርቶኑን ከእጅ እጅ ያቀባብላሉ፣ ባሌ ወረቀቱን ይዞ ይቆጥራል። የልጄ ጃኬት እዚያ ሰልፍ ውስጥ ሲታየኝ የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ። ባንዱን ትታለች፣ እንድትመጣ ማንም አላስገደዳትም፣ እኔም አልቀሰቀስኳትም። ባሌ አያት፣ ቁጥሩ ጠፋበት፣ ከአርባ ጀምሮ እንደገና ቆጠረ።

ነግቶ ሰዉ ትዕዛዙን ሊወስድ ሲመጣ ያ ልጅ ከእናቱ ጋር ገባ። ልጄ ካርቶኑን ስታቀብለው «ቫልቩ እንዴት ነው?» አለችው።

«ይጣበቃል።»

«ስታወጣው አታጣምመው፣ ቀጥ አድርገህ ሳበው። ዘይቱን ሁለት ጠብታ ብቻ። ስትመልሰው ጠቅ ሲል ትሰማዋለህ።» በባዶ እጇ አየር ላይ አሳየችው፣ እሱም በባዶ እጁ ደገመው። ከዚያ ካርቶኑን ለእናቱ ሰጠችና ወደ መኪናው ተመለሰች፤ ግሬፕፍሩቱ ገና አልወረደም ነበር።