ታች ቤት ሲዘመር

ዛሬ ምንም አልሆንኩም። ያስቀየመኝ የለም፣ ከአገር ቤት የተደወለ ክፉ ወሬም የለም። እንዲሁ ደብሮኛል። እዚህ ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ክረምት ከገባ ወዲህ ልብስ አይደርቅም፤ ትራሴ ሳይቀር ሻጋታ ሻጋታ ይለኛል። ስለ መመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ ሦስት አትጠይቁኝ። አማካሪዬ ዝም ብለዋል፣ እኔም ዝም ብያለሁ፤ ተስማምተናል ማለት ነው።

በጊዜ ልተኛ ብዬ መብራት ሳጠፋ ታች ቤት ጸናጽሉ ተጀመረ። ሐሙስ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የአጂ ሴቶች ይመጣሉ። አጂን ታውቋቸዋላችሁ፣ ያከራዩኝ ሴትዮ። በጾማቸው ቀን ጠርተው ወተት ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ወተት! በጾም! ድንች በቅቤ፣ ለውዝ፣ ከካሳቫ የሚሠራ ነጫጭ ፍሬ ከለውዙ ጋር ተጠብሶ… ይህንን ጾም እናቴ ብታይ ምን እንደምትል እያሰብኩ ሁለት ሳህን በላሁ።

እንቅልፉ እንደሆነ ሄዷል። ወርጄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ሁሌም ክፍት ነው።

እዚህ ቤተ መቅደስ መሄድ በአብዛኛው የግል ጉዳይ ነው። ሰው ከሥራ ሲመለስ ጎራ ይላል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ከላይ የተንጠለጠለችውን ደወል አንዴ ይመታል፣ የአምላኩን ምስል ፊት ለፊት ያያል፣ ከካህኑ እጅ ጣፋጭ ነገር ተቀብሎ ይወጣል። ቅዳሴ ገባ፣ ቅዳሴ ወጣ የሚባል ነገር የለም። ለምን ቀረህ የሚል የለም። ለእኔ ዓይነቷ ሰው ሸሺ አሳማኝ ሃይማኖት ነው፣ ለጨዋታው ያህል። ሰው ለሰው የሚገናኘው እንግዲህ እንዲህ ባለው ታች ቤት ነው፤ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሻይ ተጥዶ፣ ዘጠኝ አሥር ሴቶች ጉልበታቸውን እያሻሹ።

አንዷ ታወጣለች፣ የቀሩት ይቀበላሉ። ግጥሞቹ ብዙዎቹ የቱካራም ናቸው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ ብዙም በማይርቀው ዴሁ መንደር የኖረ፣ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። አጂ የያዙት ጸናጽል ሁለት የነሐስ ክብ ነው፤ ጥንዱን የሚያያይዘው ክር ከመታሸት ብዛት ሳስቶ አንድ ቦታ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተቋጥሯል። ዜማው ሲፈጥን ክሩን ሌባ ጣታቸው ላይ አንድ ዙር ያጠነጥኑታል። ሲረጋ ይፈቱታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ይህን የሚያደርጉት።

ባለፈው «ለምን ብቻዎን አይጸልዩም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ጠዋት ጠዋትማ ብቻዬን እጸልያለሁ» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ብቻዬን ስሆን ሐሳቤ ጋዙ አልቆ ይሆን ወይ ላይ ይሄዳል። እዚህ እኔ ስለ ጋዙ ሳስብ ያቺ ትዘምራለች። ያቺ ስለ ልጇ ስታስብ ደግሞ እኔ አለሁ።»

ስለ እግዚአብሔር ብዙ ሰው ብዙ ነገር ነግሮኛል፤ ስለ ጋዝ የነገረኝ ግን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ጊዜ በስልክ ቪዲዮ ሞክረውት እንደነበር ነገሩኝ። አውጪዋ ስታወጣ የአንዷ ስልክ ቶሎ ያደርሳል፣ የሌላዋ ይዘገያል፤ ተቀባዮቹ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ እየጀመረች ጫጫታ ሆነ። ሦስተኛው ዜማ ላይ ተዉት። ድምፃቸውን አጥፍተው፣ ምስሉን ብቻ ከፍተው፣ ዝም ብለው ሲተያዩ አመሹ አሉ። ይሄን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

በዚያው ዓመት ዋሪውም ቀርቶባቸዋል። ዋሪ ማለት ፑኔ ያለችበት የማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት ሰዎች በየዓመቱ በሰኔና ሐምሌ የአምላካቸው የቪታል መቅደስ ወዳለበት ወደ ፓንዳርፑር በእግር የሚያደርጉት ጉዞ ነው። የቱካራም ጫማ ምሳሌ ከዴሁ፣ ከሱ በፊት የነበረው የባለቅኔው የድኛኔሽዋር ደግሞ ከአላንዲ በቃሬዛ ተነስተው፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ተከትሏቸው፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ሦስት ሳምንት ያህል ይኬዳል። በ2020 ግን ጫማዎቹ በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ተጭነው ሄዱ። ደረሱ፤ ሥርዓቱም አልተጓደለም። አጂ ግን ያን ዓመት እንደ ዋሪ አይቆጥሩትም። አምላኩ ቪታል ወገቡን ይዞ ጡብ ላይ ቆሞ ነው የሚሳለው፤ የሚጠብቀው ሰው ነው እንጂ ጫማ አይደለም ይላሉ።

አምና ሁለቱ ቃሬዛዎች ፑኔ ሲያድሩ ቆሜ አየሁ። ከባድ ዝናብ ነበር። ሴቶቹ ቱልሲ የተባለውን ቅጠል ከነማሰሮው በራሳቸው ተሸክመዋል። አንድ ጫማ ሰፊ የእግረኞቹን ጫማ በነፃ ይሰፋል። ተማሪዎች የማያውቋቸውን ሽማግሌዎች እግር ያሻሉ። ከሁሉ የገረመኝ ሰላምታቸው ነው፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ የሌላውን እግር ይነካል፣ ያኛውም ወዲያው ጎንበስ ይላል፣ ራስ ለራስ ሊጋጩ ይደርሳሉ። ሁሉም ሁሉን «ማውሊ» ይላል፤ እናቴ እንደማለት ነው። ጺማም ገበሬ ለሌላ ጺማም ገበሬ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላደንቅ እችል ነበር፣ ዛሬ ግን ክፉዬ ተነስቷል። ኢራዋቲ ካርቬ የሚባሉ የፑኔ አንትሮፖሎጂስት ይህንኑ መንገድ በእግራቸው ሄደውበታል። እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝኛ በወጣው ጽሑፋቸው፣ ቀኑን ሙሉ አብሮ ሲዘምር የዋለው ሰው ሲመሽ በየዘሩ ተለይቶ እንደሚበላ ያዝናሉ። እሳቸው ብራህሚን ከሚባለው ከላይኛው የካህናት ዘር ነበሩ፤ ማራታ ከሚባለው ከሌላው ዘር ሴቶች ጋር ተቀምጠው ከበሉ በኋላ ሴቶቹ ይበልጥ እንደቀረቧቸው ይናገራሉ። ቾካሜላ የሚባለው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔም አለ። አትንኳቸው ከሚባለው ወገን ስለነበር የፓንዳርፑሩ መቅደስ ውስጥ መግባት ተከልክሎ ኖረ፤ መታሰቢያው ዛሬም ከትልቁ በር ፊት ለፊት ውጭ ነው። ግጥሙ ገባ፣ ሰውየው አልገባም። ያ በር ለወገኖቹ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ሳኔ ጉሩጂ የሚባሉ መምህር እስከ ሞት እጾማለሁ ብለው ምግብ ካቆሙ በኋላ።

አብሮ መዘመር ቀላሉ ነው ማለት ነው። ድምፅ ማንንም አያረክስም። መሶቡ ላይ ሲደርስ ነው ነገር የሚመጣው፤ ይሄንን ደግሞ ለአበሻ ማን ያስረዳዋል? በእጅ ሥራቸው ስም አውጥተንላቸው፣ አብረን ሳንበላ፣ ሳንጋባ የኖርናቸውን ሰዎች ቆጥሮ ለመጨረስ የሐሙስ ሌሊት አይበቃም።

ቢሆንም የአጂ ጋዝ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ቾካሜላ ራሱ ከውጭ ቆሞ መዘመሩን አልተወም፤ ለምን አልተወም? ቅር ብሎት እንደነበር ግጥሞቹ ይናገራሉ። ግን ብቻውንም አልነበረም፤ ሚስቱ ትገጥማለች፣ እህቱ ትገጥማለች፣ ልጁም ይገጥማል። በሩ ቢዘጋም ተቀባይ ነበረው።

እኔ እዚህ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የሌላውን ማኅበር ቀዳዳ እየቆጠርኩ ነው። ቅዳሴ የማዳምጠው በስልክ ነው፤ ረዘም ሲል ወደፊት አሳልፈዋለሁ። እራቴን ብቻዬን አልጋዬ ላይ እበላለሁ። ማንም ዘሬን ጠይቆ አልለየኝም፤ ራሴው ነኝ የለየሁት፣ ያውም ለዋይፋይ ብዬ።

አጂ አዩኝ። በእጃቸው ጠቅሰው ጠሩኝና ትርፍ ጸናጽል አስያዙኝ፤ አንዱንም ምት በቦታው አልመታሁም፣ ማንም ግን ዞር ብሎ አላየኝም። ሲጨርሱ «ዘንድሮ ጉልበቴ እሺ ካለኝ ዋሪውን ከፑኔ እስከ ሳስዋድ ከተማ እሄዳለሁ፣ አብረሽኝ ነይ» አሉኝ። እሺ አልኩ! የዲቬ ጋት ዳገት በመንገዱ ላይ እንዳለ የነገሩኝ እሺ ካልኩ በኋላ ነው። እኔ እኮ ከቤት እስከ ሱቅ በባጃጅ የምሄድ ሰው ነኝ (ለካ ፋብሪካውም የዚሁ አገር ነው)። ማውሊ እየተባልኩ፣ እግሬን ሰው እየነካልኝ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ እጄን ዘርግቼ ባጃጅ ባስቆም ነውር ይሆን?